ኃይል እያለ መስመጥ

ሄሊኮፕተር ራሱ ወደ ታች በገፋው አየር ተይዞ ስለሚሰምጥበት ሁኔታ፣ አብራሪዎች ቮርቴክስ ሪንግ ስቴት ስለሚሉት ነገር፣ አምስት ጥያቄዎች ደርሰውናል። በዚህ አምድ «የአዙሪት ቀለበት» ብለነዋል።

ጥያቄ፦ ሄሊኮፕተሩ ሲሰምጥ ኮሌክቲቩን (የሁሉንም ክንፎች ማዕዘን በአንድነት የሚቀይረውን እጀታ) ወደ ላይ ብስብ ይብስበታል ይሉኛል። ኃይል ጨምሬ እንዴት ቁልቁል እሄዳለሁ? (ሠልጣኝ አብራሪ፣ ከዴንቨር)

መልስ፦ ሮተር (ከላይ የሚሽከረከሩት ክንፎች) ሄሊኮፕተሩን የሚሸከመው አየርን ወደ ታች እየገፋ ነው። አየር ላይ ሲቆሙ ይህ የተገፋ አየር ወርዶ ይሄድልዎታል። ቀጥ ብለው በፍጥነት ከወረዱ ግን ራስዎ የገፉትን አየር ተከትለው ይደርሱበታል። ያን ጊዜ ከክንፎቹ ጫፍ በታች የወጣው አየር በውጭ በኩል ዞሮ ወደ ላይ ይወጣና ተመልሶ ከላይ ወደ ሮተሩ ይገባል። ቅርጹ በሮተሩ ጠርዝ ዙሪያ የተጠመጠመ የመኪና ጎማ ይመስላል። በመሃል በኩል ደግሞ አየሩ ከታች ወደ ላይ ስለሚመጣ የክንፎቹን ሥር (ወደ መሃል ያለውን ክፍል) የሚመታበት ማዕዘን ከልክ ያልፍና ያ ክፍል ማንሳት ያቆማል። በሁለቱ መካከል የሚቀረው ጠባብ ክፍል ብቻውን ክብደቱን አይችለውም።

ኮሌክቲቩን ሲስቡ የሚጨምሩት ኃይል ይህንኑ አዙሪት ያጠናክራል። ስለዚህ ሞተሩ ያለ ችግር እየሠራ፣ ኃይል እየተረፈ መስመጡ ይቀጥላል። ቀለበቱ ሙሉ በሙሉ ከያዘ የመውረድ ፍጥነቱ በደቂቃ ወደ 6,000 ጫማ ሊጠጋ ይችላል።

ምልክቱ ከመስመጡ ትንሽ ቀድሞ ይመጣል። ሄሊኮፕተሩ ይንቀጠቀጣል፣ አፍንጫው ያለ ትእዛዝ ወዲህና ወዲያ ይላል፣ ሳይክሊኩ (ሄሊኮፕተሩን ወደ ፊት፣ ወደ ኋላና ወደ ጎን የሚያዘነብለው ዘንግ) ይሰንፋል። ይህን ከመሬት 100 ጫማ ላይ ለይተው ለማሰብ ጊዜ አያገኙም። እጅዎ አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ጥያቄ፦ «ከ300 ጫማ በደቂቃ በላይ አትውረድ» የሚባለው ለሁሉም ሄሊኮፕተር ይሠራል? (ከቢሾፍቱ)

መልስ፦ እንደ ልማድ ይሠራል። እንደ ፊዚክስ ከታየ ግን ቁጥሩ ለሁሉም አንድ አይደለም። ወሳኙ ሮተሩ አየሩን ቁልቁል የሚገፋበት ፍጥነት ነው፤ እሱ ደግሞ የሚወሰነው ክብደቱ በሮተሩ ስፋት ላይ ሲካፈል በሚገኘው ጫና ነው። 1,134 ኪሎ የሚመዝን ትንሹ ሄሊኮፕተር ሮቢንሰን አር 44 በባሕር ጠለል ላይ አየሩን በሴኮንድ 7.6 ሜትር ገደማ ይገፋል፤ ወደ 1,490 ጫማ በደቂቃ መሆኑ ነው። ጠቅላላ ክብደቱ 13,000 ኪሎ የሆነ ትልቁ ሚ 17 ደግሞ 12 ሜትር ገደማ፣ ማለትም ወደ 2,380 ጫማ በደቂቃ ይገፋል። መታወኩ የሚጀምረው የመውረድ ፍጥነቱ የዚህን ግማሽ አካባቢ ሲደርስ ስለሆነ አር 44 ከ750 አካባቢ፣ ሚ 17 ከ1,200 አካባቢ ይጠንቀቅ ማለት ነው።

ታዲያ 300 ለምን ተባለ? የመውረድ ፍጥነት ጠቋሚው ዘግይቶ ስለሚያሳይ፣ ነፋሱም ወጥ ስላልሆነ ነው። መርፌው 300 ሲያሳይዎት እርስዎ 500 ላይ ሊሆኑ ይችላሉ። እኛም በ300 እንድትጸኑ እንመክራለን።

ሮተሩ የሚሸከመው ጫና ትልቅ መሆኑ ብቻውን መድን አይሆንም። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 2000 በአሪዞና ማራና ቪ 22 ኦስፕሪ (በግራና በቀኝ ሁለት ሮተር ያለው አውሮፕላን) ለማረፍ ሲወርድ የፊት ፍጥነቱ ከ40 ኖት (አንዱ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው) በታች ሆኖ በደቂቃ ከ2,000 ጫማ በላይ እየወረደ ነበር። አንደኛው ሮተር ብቻ ቀለበት ውስጥ ገባ፤ ማንሳቱን ያላቆመው ሌላኛው አውሮፕላኑን ገለበጠውና 19 የአሜሪካ የማሪን ጓድ ወታደሮች ሞቱ። ከዚያ በኋላ ለኦስፕሪ የተቀመጠው ወሰን ከ40 ኖት በታች በደቂቃ 800 ጫማ ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች አደጋው የባሰ አይደለም? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም እየተጠሩ ሰው ይደናገራል። ቦሌ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ በመደበኛ ቀን ከባሕር ጠለሉ 20 በመቶ ያህል ይሳሳል፣ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሲሆን ከሩብ በላይ። አየሩ ሲሳሳ ሮተሩ ያንኑ ክብደት ለመሸከም በበለጠ ፍጥነት መግፋት ስላለበት ቀለበቱ የሚፈጠርበት የመውረድ ፍጥነት እንዲያውም በአሥር በመቶ ገደማ ከፍ ይላል። የሚከፋው ሌላው ነው፤ የሞተሩ ትርፍ ኃይል ይቀንሳል። ስለዚህ በደጋ ላይ አብዛኛውን ጊዜ «ቀለበት ገባሁ» የሚባለው በእውነቱ ኃይል ያነሰበት ሄሊኮፕተር ነው።

መለያው ቀላል ነው። ኃይል ካነሰ ቶርኩ ወይም የማኒፎልድ ግፊቱ (ሞተሩ የሚሰጠውን ኃይል የሚያሳዩት ልኬቶች) ወሰኑ ላይ ይደርሳል፣ የሮተሩ ዙር ይወርዳል፣ መስመጡ ቀስ ያለና ያልተረበሸ ነው። በአር 44 ዙሩ ከ97 በመቶ ሲያንስ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል። ቀለበት ከሆነ ዙሩ አይነካም፣ ኃይል ይተርፋል፣ ነገር ግን ሄሊኮፕተሩ እየተንቀጠቀጠ በፍጥነት ይወርዳል። ለመጀመሪያው መድኃኒቱ ከመነሳትዎ በፊት በሄሊኮፕተሩ የአቅም ሠንጠረዥ ላይ ነው። በዚያ ከፍታና ሙቀት ከመሬት ትራስ (መሬት አጠገብ ሲሆኑ ከሚገኘው ተጨማሪ ድጋፍ) ውጭ አየር ላይ መቆም ካልቻሉ ነዳጅ ወይም ሰው ይቀንሱ።

ጥያቄ፦ ነፋሱን ከኋላ አድርጎ ወደ ጠባብ ሜዳ መግባት ለምን ይወገዛል? (ከቴል አቪቭ)

መልስ፦ በሒሳብ ይታያል። 15 ዲግሪ ቁልቁለት ይዞ በ20 ኖት የመሬት ፍጥነት የሚመጣ ሄሊኮፕተር በደቂቃ 540 ጫማ ገደማ ይወርዳል። ነፋሱ ከኋላ 15 ኖት ከሆነ ሮተሩ የሚያገኘው የአየር ፍጥነት 5 ኖት ብቻ ነው። ዓይንዎ መሬቱን እያየ «በቂ እየሄድኩ ነው» ይላል፤ ሮተሩ ግን ቀጥ ብሎ እንደሚወርድ ያህል ነው። በዚህ ዝቅተኛ ፍጥነት የአየር ፍጥነት ጠቋሚውም አይታመንም።

ለቀለበት ሦስት ነገሮች አብረው መገኘት አለባቸው፤ ሮተሩ ኃይል እየሠራበት መሆኑ፣ የአየር ፍጥነቱ ዝቅ ማለቱ (ሮተሩ ራሱ ከገፋው አየር ወጥቶ ያልተረበሸ አየር ከሚያገኝበት፣ ከ16 እስከ 24 ኖት ካለው የመሸጋገሪያ ክልል በታች)፣ መውረዱም ፈጣን መሆኑ። አንዷ ብትጎድል ቀለበት የለም። በተግባር፣ የአየር ፍጥነትዎ ከ30 ኖት በታች ከመሆኑ በፊት የመውረድ ፍጥነቱን ከ300 በታች ያድርጉ። ካልሆነልዎ ያኔውኑ ተነስተው ይዙሩ። ከመሬት 50 ጫማ ላይ ደርሶ መወሰን ዘግይቷል።

ጥያቄ፦ አሠልጣኜ «ሳይክሊኩን ወደ ፊት ግፋ» ይላል፤ ሌሎች ደግሞ «ቪሻር» ይላሉ። የትኛው ይሻላል? (ሠልጣኝ፣ ከዱባይ)

መልስ፦ የቀድሞው ዘዴ ኮሌክቲቩን ዝቅ አድርጎ፣ ሳይክሊኩን ወደ ፊት ገፍቶ፣ ፍጥነት ሲገኝ ኃይል መጨመር ነው። ይሠራል፤ ግን ሳይክሊኩ በሰነፈበት ሰዓት ስለሚጠብቅ ከፍታ ይበላል።

በስዊሱ አብራሪ ክሎድ ቪሻር ስም የሚጠራው ዘዴ ወደ ጎን ይወጣል፤ ስለዚህ እዚህ ኮሌክቲቭ የሚሳበው እዚያው ቆሞ ለመታገል ሳይሆን ከቀለበቱ ለመውጣት ነው። ክንፎቹ ከላይ ሲታዩ በሰዓት ቆጣሪ ተቃራኒ በሚዞሩባቸው እንደ አር 44 እና ቤል ባሉት፦ ኮሌክቲቩን እስከ መነሻ ኃይል ይሳቡ፣ አፍንጫው እንዳይዞር ግራ ፔዳል ይርገጡ፣ በዚያው ቅጽበት ሳይክሊኩን ወደ ቀኝ አድርገው ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ያዘንብሉ። የጅራቱ ሮተር ግፊትም ወደ ቀኝ ስለሆነ ይረዳዎታል። የሮተሩ ጠርዝ ወደ ላይ የሚወጣው አየር ውስጥ ሲገባ መስመጡ ይቆማል፤ ያኔ ያቅኑት። ወዲያው ከተደረገ የሚጠፋው ከፍታ ከ20 እስከ 50 ጫማ ነው። በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ በሚዞሩት፣ እንደ ኤኩሬይና ሚ 17 ባሉት፣ ቀኝ ፔዳልና ግራ ሳይክሊክ ይሆናል። ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው የሚሸጋገር አብራሪ እጁን ዳግም ማስተማር ያለበት እዚህ ላይ ነው።

በእኛ እምነት ከመሬት አጠገብ ቪሻር ይሻላል። ኃይል ግን ይፈልጋል፤ ዙሩ እየወረደ ከሆነ ኮሌክቲቭ መሳብ ያጠፋዎታል። ከፍታ ሲኖርዎ ሙሉ በሙሉ ኮሌክቲቩን ጥሎ በኦቶሮቴሽን (ያለ ሞተር ኃይል፣ ከታች በሚመጣው አየር ሮተሩ እየዞረ በመውረድ) መውጣትም ይቻላል።

ልምምዱን ሁልጊዜ ከአሠልጣኝ ጋር፣ መውጫው ከመሬት 1,000 ጫማ በላይ እንዲያልቅ አድርገው ያካሂዱ። ከ2,000 ጫማ አካባቢ ይጀምሩ፣ ፍጥነቱን ከ10 ኖት በታች ያድርጉ፣ መውረዱን ቀስ እያሉ ያሳድጉ፤ የመጀመሪያው መንቀጥቀጥ ሲሰማዎት ይውጡ። ሙሉ ቀለበት ውስጥ እስኪገቡ መጠበቅ አያስፈልግም።