የውሃ ስኪ ማሰሪያ ምን ያህል ይጥበቅ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዝግጅት ክፍሎች። ያገለገለ ጥንድ የውሃ ስኪ ገዝቼ ቅዳሜና እሁድ ላንጋኖ ይዤው እወርዳለሁ። ጀልባው ገና መጎተት ሲጀምር ቀኝ እግሬ ከስኪው ማሰሪያ ይወጣል። ግራው ግን ጨምድዶ ይይዘኛል፤ ስወድቅም አይለቅም። ቀኙንም እንደ ግራው ላጥብቀው? (ከገላን)

መልስ፦ እባክዎ አያጥብቁት። የሚያሰጋው የቀኙ መላላት ሳይሆን የሁለቱ አለመመሳሰል ነው። ሲወድቁ አንዱ እግር ወጥቶ ሌላው ከቀረ፣ 1.7 ሜትር ገደማ የሚረዝም ስኪ ውሃ ሲመታው እንደ ማንሻ ሆኖ ቁርጭምጭሚትና ጉልበት ይጠመዝዛል። እንዲያውም ቶሎ መስተካከል ያለበት ግራው ነው።

ልኩን ከመንካትዎ በፊት ያጽዱት። የላንጋኖን ውሃ ቡናማ ያደረገው ደቃቅ ደለል፣ የማሰሪያው የተረከዝ ክፍል ወደፊትና ወደ ኋላ የሚንሸራተትበት ሐዲድና የመቆለፊያው ፒን የሚገባበት ቀዳዳ ውስጥ ይጋገራል። ፒኑ ግማሽ ድረስ ገብቶ የተቆለፈ ይመስላል፤ ገመዱ ሲወጠር ያፈተልክና ተረከዙ ወደ ኋላ ይሸሻል። የቀኝ እግርዎ ችግር ከዚህ ሊሆን ስለሚችል በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በንጹህ ውሃ እያጠቡ፣ ፒኑ ቀጭ ብሎ እስኪገባ ይሞክሩት። ግራሶ ወይም ዘይት አይቀቡ፤ ደለል ይሰበስባል፣ ጎማውንም ይበላዋል። ብሎኖቹን ደግሞ በእጅ ካቻቪቴ ብቻ ያጥብቁ። በኤሌክትሪክ መሣሪያ ሲጠብቅ ስኪው ውስጥ ያለው ጥርስ ይላጣል፤ ከዚያ ወዲያ ያ ብሎን አይዝም።

ልኩ የሚወሰደው እግርም ጎማም ረጥቦ ነው፤ በደረቅ እግር የተለካ ማሰሪያ ውሃ ውስጥ ይላላል። እግርዎን ወደ ፊተኛው ጎማ እስከ መጨረሻው ያስገቡ። ከዚያ የተረከዙን ክፍል ወደፊት ይግፉና ተረከዝዎን ያለ ክፍተት ነክቶ፣ ግን ሳይጫን ሲቀር ይቆልፉ። ጣት ከታጠፈ ወይም እግር ከደነዘዘ አንድ ቀዳዳ ወደ ኋላ ይመልሱት።

አሁን መልቀቁን ይፈትሹ። ከሥር ያለው ክንፍ እንዳይታጠፍ የስኪውን ጭራ ከደረጃ ጠርዝ ያውጡና ሌላ ሰው ስኪውን አጥብቆ ይያዝልዎ። ተረከዝዎን እንደ መራመድ ያህል ሲያነሱ መውጣት የለበትም። ጠንከር አድርገው ሲስቡ ግን እጅ ሳያስፈልግ መውጣት አለበት። ቀኝና ግራ የሚጠይቁት ጉልበት እኩል እስኪሆን ይደጋግሙት። የአብዛኛው ሰው ሁለት እግር ልክ እኩል ስላልሆነ ቀዳዳዎቹ ባይመሳሰሉ አይጨነቁ፤ የሚለካው ጉልበቱ ነው። ማስገባቱ ብቻ ካስቸገረ ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና በውሃ አቅጥነው ጎማውን ያርሱት። ለዚህ ሲሉ ልኩን አያስፉ።

ያገለገለ ስለሆነ ጎማውን በአውራ ጣትዎ አጥፈው ይመልከቱት፤ በተለይ ከብረቱ የሚገናኝበትን መስመር። እዚያ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ከታየ ጎማው መቀየር አለበት። ጎሚስታ ቤት ወስደው አያስለጥፉት፤ የተለጠፈበት ቦታ ይደርቅና ከጎኑ ይቀደዳል። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚያስቀምጡት ከሆነም ቦታ ይቀይሩለት፣ ሙቀት ጎማ ይጨርሳል።

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጄ በእኔው ስኪ መማር ይፈልጋል። መጨረሻው ቀዳዳ ላይ እንኳ ይሰፋዋል። ስፖንጅ ብጎዘጉዝበትስ? (ከለገጣፎ)

መልስ፦ አይሆንም። ስፖንጅ ሲረጥብ ከቦታው ይንሸራተታል፣ እግር በሚወጣበት አቅጣጫም ሊቀረቀር ይችላል። የልጅ ስኪ ይፈልጉለት፤ እግሮቹ እንዳይበረገዱ ሁለቱን በአጭር ገመድ የሚያያይዝ ዓይነት አለ። ልኩን ከላይ እንደተገለጸው ያድርጉለት፤ ጉልበቱ ግን የልጁ ስለሆነ እሱ ራሱ ይሳበው። የመንሳፈፊያ ጃኬት ለብሶ፣ ወገቡ ድረስ ባለ ውሃ ውስጥ ራሱ አጥልቆ ራሱ ማውለቅ እስኪችል ድረስ ጀልባው አይነሳ።