ጠገራ ብርና ሳንቲም በየትኛው ካሜራ ላንሳ? የወሎ ሰብሳቢዎች ጥያቄና መልስ

ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከባቲ፣ ከወልድያ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። አብዛኛው «ካሜራ ልገዛ ነው፣ የትኛው ይሻላል?» የሚል ነው። እኔ የምለው ግን ካሜራ ከመጠየቃችሁ በፊት ሳንቲማችሁን በማስመሪያ ለኩ። ሌንሱን የሚወስነው የሳንቲሙ ስፋት ነው። ቀጥሎ ብርሃን ይመጣል። ካሜራው መጨረሻ ላይ ነው።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ እኔም አንድ ጥያቄ ጀባ ልበል። ያለኝ አሮጌ ካነን 1100ዲ ካሜራ ከነ18-55 ሚሊሜትር ሌንሱ ነው። ያለ ማክሮ ሌንስ (ትንሽ ነገርን በጣም አቅርቦ የሚያነሳ) ሳንቲም ማንሳት አይቻልም?

መልስ፦ ይቻላል እንጂ! የካሜራህ ሴንሰር (ከሌንሱ ኋላ ምስሉን የሚቀበለው ሰሌዳ) ቁመቱ ወደ 15 ሚሊሜትር ነው። ማርትሬዛ (የኦስትሪያ ንግሥት ምስል ያለባት ጠገራ ብር) ደግሞ ወደ 40 ሚሊሜትር ስፋት አላት። ስለዚህ ሴንሰሩ ላይ ከእውነተኛ መጠኗ ሲሶ ያህል ሆና ካረፈች ፎቶውን ሞላችው ማለት ነው። ሌንስህን 55 ላይ አድርገህ እስከሚችለው ድረስ ስታስጠጋው የሚሰጥህ ይህንኑ ያህል ነው። የምኒልክ ብርም ስፋቱ ተመሳሳይ ስለሆነ በዚሁ ይነሳል። ኤፍ 8 (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል)፣ አይኤስኦ 100 (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት)፣ ካሜራው ዘንግ ላይ ታስሮ፣ በ2 ሴኮንድ ታይመር። ጨርሰሃል።

ማክሮ የሚያስፈልግህ ወደ ትንንሾቹ ስትወርድ ነው። የምኒልክ ግርሽ 16.5 ሚሊሜትር ብቻ ናት። በ18-55 ብታነሳት የፎቶውን ቁመት ሲሶ ብቻ ትይዛለች። አላድና ሩብ (የብር ግማሽና አራተኛ) በስፋት መሀል ላይ ናቸው። ስብስብህ በአብዛኛው ጠገራ ከሆነ ገንዘብህን ለአሁኑ ያዝ።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ እኔ ግርሽና የጃንሆይ ሳንቲሞች ነው የምሰበስበው። ማክሮ ግድ ሆኖብኛል። አቅሜ ግን ትንሽ ነው።

መልስ፦ አብሽር፣ ሳንቲም አይሮጥም። ስለዚህ ኦቶፎከስ አያስፈልግህም። ኦቶፎከስ ካላስፈለገህ ደግሞ የድሮዎቹ ሌንሶች በሙሉ ምርጫህ ውስጥ ይገባሉ። የመጀመሪያ ምርጫዬ የኒኮን 55 ሚሊሜትር ኤፍ 2.8 ማይክሮ ነው። በእጅ ነው የሚፎከሰው። ብቻውን እስከ ግማሽ መጠን ይደርሳል (ሳንቲሙ ሴንሰሩ ላይ የእውነተኛ መጠኑን ግማሽ ሆኖ ያርፋል)። 27.5 ሚሊሜትር ቱቦ (መስታወት የሌለው ማራዘሚያ) ከኋላው ስትጨምርበት ሙሉ መጠን ይሰጥሃል። ካነን ካሜራ ላይ በርካሽ አስማሚ ቀለበት ይገባል። እንደ ዲ3200 ያለ ኒኮን ላይ ያለ አስማሚ ይገባል፣ ግን ካሜራው ብርሃን አይለካልህም። ኤም (ሁሉንም በእጅ የምታስተካክልበት) ላይ አድርገህ፣ አንስተህ፣ ሂስቶግራሙን (የብርሃኑን ግራፍ) አይተህ የመዝጊያውን ፍጥነት ታስተካክላለህ። ለሳንቲም ይህ ምንም ችግር የለውም። አንዴ ካስተካከልከው ቀኑን ሙሉ ያው ነው።

ስትገዛ ግን የሌንሱን ቅጠሎች (ቀዳዳውን የሚያጠቡትን ስስ ብረቶች) ተመልከት። በዚህ ሌንስ ላይ ዘይት ቅጠሎቹ ላይ መውጣት የታወቀ ችግር ነው። ኤፍ 16 ላይ አድርገህ ቀለበቱን እያዞርክ እየው። ቅጠሎቹ ከተንቀራፈፉ ተወው። ከዚያ የስልክህን መብራት ከኋላ አብራና በመስታወቱ ውስጥ እይ። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካየህ ሻጋታ ነው። በርካሽም ቢሆን አትግዛው።

ትንሽ ገንዘብ ከጨመርክ የካነን 60 ወይም የታምሮን 90 ኤፍ 2.8 ማክሮ ያገለገለ ፈልግ። ሁለቱም ያለ ቱቦ ሙሉ መጠን ይሰጣሉ። የኒኮን 40 ማይክሮም ርካሽና ጥርት ያለ ነው፣ እኔ ግን ለሳንቲም አልመክረውም። ሙሉ መጠን ላይ የሌንሱ ፊት ከሳንቲሙ ከ3 እስከ 4 ሳንቲሜትር ብቻ ነው የሚርቀው። መብራት በየት በኩል ታስገባለህ? በ60 ሚሊሜትር ወደ 9 ሳንቲሜትር፣ በ100 ሚሊሜትር ደግሞ ወደ 15 ሳንቲሜትር ክፍተት ታገኛለህ። ገንዘብ የሚከፈለው ለዚህ ክፍተት ነው።

ጥያቄ (ከወልድያ፣ ፎቶ ቤት ያለው)፦ 50 ሚሊሜትር ሌንስ አለኝ። ቱቦ ብቻ ብገዛስ?

መልስ፦ ጥሩ ሐሳብ ነው። 25 ሚሊሜትር ቱቦ 50 ሌንስ ላይ ሲጨመር ወደ ግማሽ መጠን ትደርሳለህ። ግን የኤሌክትሪክ ንክኪ ያለውን ግዛ። ካነን ላይ ከሆንክ ንክኪ የሌለው ቱቦ የሌንሱን ቀዳዳ መቆጣጠር አያስችልህም። ኤፍ 1.8 ላይ ተከፍቶ ይቀራል፣ የሳንቲሙ ዳርና ዳር ይደበዝዛል።

ጥያቄ (ከባቲ)፦ ሰኞ ገበያ ላይ ጠገራ እሸጣለሁ። ለደንበኛ በቴሌግራም የምልከው በስልኬ አንስቼ ነው። ሁልጊዜ ጥላ ያርፍበታል።

መልስ፦ እህቴ፣ ስልኩን በጣም ስለምታስጠጊው ነው። «ማክሮ» የሚለውን ካሜራ ተይው፤ በርካሽ ስልኮች ላይ ብዙውን ጊዜ 2 ሜጋፒክስል ብቻ ነው። በዋናው ካሜራ 20 ሳንቲሜትር ያህል ራቅ ብለሽ አንሺና ዙሪያውን ቁረጪ። ስልኩን ቁመታቸው እኩል በሆነ ሁለት ረጃጅም ዕቃ ላይ አስተኝተሽ ሳንቲሙን መሀል ከታች አድርጊው። እጅሽ እንዳይንቀጠቀጥ ይረዳሻል። ከጠራራ ፀሐይ ግን ወደ ጥላ ግቢ።

ደንበኛሽ የሚፈልገውንም አውቀሽ አንሺ። ገበያ ላይ የምታገኚያት ማርትሬዛ ሁሏም ማለት ይቻላል 1780 የሚል ዓመት ነው ያላት፣ ከዚያ በኋላ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይ የተመታችውም ጭምር። የሚለያዩት በጥቃቅን ነገር ነው፦ ትከሻዋ ላይ ያለው የዕንቁ ጌጥ፣ የንስሩ የጅራት ላባ፣ ከደረቷ በታች ያሉት ሁለት ፊደላት። ሦስቱንም ለየብቻ አቅርበሽ አንሺ። ከዚያ ጠርዙን። ጠርዙ ላይ የላቲን ጽሑፍ ዙሪያውን አለ፣ በፎቶ ግን ብዙ ሰው ይዘለዋል። የአንገት ጌጥ የነበረች ከሆነች ደግሞ ማንጠልጠያው የተበየደበትን ቦታ አትደብቂ፤ ገዢው ሲያገኘው አመኔታውን ታጫለሽ።

ጥያቄ (ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ)፦ አዲስ ካሜራ ገዛሁ፣ ብሩ ግን ፎቶ ላይ አንዴ ነጭ አንዴ ጥቁር ይሆናል። ለምን?

መልስ፦ ጥፋቱ የካሜራው አይደለም። ብር ያንጸባርቃል፤ ፎቶ ላይ የምታየው ብሩ ራሱ የሚያየውን ነው። ከላይ ጣሪያውን ካየ ጣሪያውን ይሰጥሃል።

ሁለት ትንንሽ ኤልኢዲ አምፖል ያዝ። ሳንቲሙን የግድግዳ ሰዓት ብትለው፣ መብራቶቹን 10 እና 2 ቁጥር ባሉበት አቅጣጫ አቁማቸው። ከፍ አድርጋቸው፣ ሌንሱን ሊነኩ እስኪቃረቡ። ዝቅ ባሉ ቁጥር ጭረቱ ብቻ ይጎላል፣ ፊቱ ይጠቁራል። አሁን ዓይንህን ካሜራው ስክሪን ላይ አድርገህ አንዱን መብራት በጣም ቀስ ብለህ አንቀሳቅስ። የማርትሬዛ ጉንጭ ላይ ብርሃኑ ሲሳብ፣ የፀጉሯ መስመሮች አንድ በአንድ ሲነሱ ታያለህ። እዚያ አቁም። መብራቱ ከጠነከረ ነጭ ወረቀት ጋርድበት።

የደሴ ጉም በነገራችን ላይ ለፎቶ ጸጋ ነው። ጉም ባለበት ጠዋት የመስኮት ብርሃን ለስላሳና እኩል ነው። ለተበላና ለጠቆረ ሳንቲም እሱን እመርጣለሁ። ገና የሚያብለጨልጨውን ግን ያደበዝዘዋል፤ ለእሱ አምፖሉ ይሻላል።

ጠፍጣፋና አንጸባራቂ ሆኖ ካስቸገረህ አንድ ዘዴ አለ። ከፎቶ ፍሬም የወጣ ንጹሕ መስታወት በሳንቲሙና በሌንሱ መሀል በ45 ዲግሪ አዘንብለህ አቁም። መብራቱን ከጎን መስታወቱ ላይ አብራ። ብርሃኑ ተንጸባርቆ ቀጥታ ወደታች ይወርዳል፣ ካሜራው ደግሞ በመስታወቱ አልፎ ያያል። መብራቱ ቀጥታ ሳንቲሙን እንዳያገኘው በጥቁር ካርቶን ከልለው።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ የሳንቲሙ ግማሽ ጥርት፣ ግማሽ ድብዝዝ ይልብኛል።

መልስ፦ ካሜራው ዘሟል። በሳንቲሙ ቦታ ትንሽ መስታወት አስተኛና በካሜራው እይ። የሌንሱ ምስል ልክ መሀል ላይ እስኪመጣ ካሜራውን አስተካክል። ከዚያ መስታወቱን አንስተህ ሳንቲሙን ተካ።

ጥያቄ (ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ)፦ ብርሃን እንዳያንስ ኤፍ 16 እና 22 እጠቀማለሁ። ፎቶው ግን ይለሰልሳል።

መልስ፦ ኤፍ 16 ብርሃን አይጨምርም፣ ይቀንሳል። የሚጨምረው የጥራት ጥልቀትን ነው። ሙሉ መጠን ላይ ስትሆን ደግሞ ካሜራው 8 ቢልም ሌንሱ በተግባር እንደ 16 ነው የሚሠራው። ከዚያ ካጠበብከው ብርሃኑ ራሱ ተበትኖ ዝርዝሩን ይበላዋል። ከ5.6 እስከ 8 በቂ ነው። ብርሃን ካነሰ ፍጥነቱን ቀንስ፣ 1 ሴኮንድም ቢሆን። ዘንግ ላይ እስከሆነ ድረስ አይጎዳም፣ ወለሉ ላይ ሰው ካልተራመደ።

ጥያቄ (ከደሴ፣ ጡረተኛ)፦ ልጄ፣ ለፎቶ እንዲያምር የምኒልክ ብሬን በሎሚና በአመድ ላሽው?

መልስ፦ ጋሼ፣ እባክዎ አይንኩት! አንዴ ከታሸ የመጀመሪያ ገጽታው አይመለስም፣ ሰብሳቢም ዋጋውን ይቀንስበታል። ጥቁረቱ ዕድሜው ነው። በፎቶ የሚፈለገው የአንበሳው የተነሣ እግር ግራ ይሁን ቀኝ፣ ዓመተ ምሕረቱና ፓሪስ ለመመታቱ ምልክት የሆነችው ኤ ፊደል ነው። እነዚህ በጥሩ መብራት ከነጥቁረቱ ይታያሉ። አቧራ ካለው በአፍ አየር ሳይሆን በትንሽ የጎማ መንፊያ ያንሱለት፤ ምራቅ ብር ላይ ነጠብጣብ ይተዋል።

ጥያቄ (ከላሊበላ)፦ የአክሱም ሳንቲም ያለው ዘመድ አለኝ። ማረሻ ያወጣው ነው።

መልስ፦ ፎቶ አንሱት፣ ግን አትሽጡት። በቅርስ ሕግ መሠረት የተገኘ ቅርስ ለቅርስ ባለሥልጣኑ መገለጽ አለበት። ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሂዱ። ወደ ፎቶው ስንመጣ፣ አንዳንዶቹ የአክሱም ነሐስ ሳንቲሞች በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወርቅ የተቀባ ክብ አላቸው። እሱ የሚታየው በለስላሳ ብርሃን ነው፣ ሙሉ መጠን የሚሰጥ ማክሮም ይፈልጋል።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ 12 ሜጋፒክስል ወይስ 24?

መልስ፦ 12 ይበቃል። ልዩነቱን ለመብራትና ለዘንግ አድርገው። የቆዩ ፎቶ ቤቶች ጋ የድሮ ኢንላርጀር (ፊልምን አሳድጎ ወረቀት ላይ የሚያትም መሣሪያ) ካለ ጠይቅ። ዘንጉ ካሜራ ለመስቀል የተሠራ ያህል ነው፣ ሌንሱም በቱቦ ከገጠምከው ሳንቲም በደንብ ያነሳል።