መልስ፦ ቲ-ሴል በቫይረስ የተያዘውን ሕዋስ ከጤነኛው የሚለየው እንዴት ነው?

ጤና ይስጥልኝ። ቲ-ሴል የሚባለው ነጭ የደም ሕዋስ በቫይረስ የተያዘውን ሕዋስ ከጤነኛው በምን እንደሚለይና ይህን ማን እንደደረሰበት ጠይቀዋል። ቁልፉ የተገኘው ከ1973 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ መዲና በካንቤራ ሲሆን፣ ተመራማሪዎቹም ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ሮልፍ ዚንከርናጌል እና አውስትራሊያዊው የእንስሳት ሐኪም ፒተር ዶኸርቲ ነበሩ።

ሁለቱ ሰዎች አይጦችን የአንጎል ሽፋን በሚያስቆጣ ቫይረስ ካስያዙ በኋላ ቲ-ሴሎቻቸውን ወስደው በዚያው ቫይረስ ከተያዙ ሕዋሳት ጋር ከሰውነት ውጭ አገናኟቸው፤ ቲ-ሴሎቹ ከተያዙት ሕዋሳት ምን ያህሉን እንደገደሉም የለኩት አስቀድሞ ወደ ሕዋሳቱ የገባው ጨረር አመንጪ ክሮሚየም ምን ያህል ወደ ውጭ እንደፈሰሰ በማየት ነበር። ቲ-ሴሎቹ ከራሳቸው ዝርያ የመጡትን የተያዙ ሕዋሳት ሲገድሉ፣ ቫይረሱ ያው አንድ ሆኖ ሳለ፣ የተለየ መለያ ፕሮቲን ካለው ሌላ የአይጥ ዝርያ የመጡትን ግን ሳይነኩ አለፏቸው። ስለዚህ ቲ-ሴል የባዕዱን ምልክት የሚያውቀው ከራሱ አካል መለያ ፕሮቲን ጋር አጣምሮ ሲያየው ብቻ ነው። በኋላ እንደተረጋገጠው፣ ይህ ፕሮቲን የቫይረሱን ቁራጭ ተሸክሞ በሕዋሱ ገጽ ላይ ያሳያል። (ፕሮቲኑ ቀድሞ ይታወቅ የነበረው የተተከለ አካል እንዲገፋ በማድረጉ ነበር፤ ተፈጥሮ ግን ቀዶ ሐኪሞችን ለማስቸገር እንዳልፈጠረችው ግልጽ ነው።)

አንድ ነጥብ ልጨምር፦ በእነዚያ አይጦች አንጎል ላይ ጉዳቱን በዋናነት የሚያደርሰው ቫይረሱ ሳይሆን የራሳቸው የቲ-ሴሎች ጥቃት ነው። ሁለቱ ተመራማሪዎች በ1996 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል።