ስኳሩን ደረቁን እንዳትጨምሪው

እህቴ፣ «ቅዳሜ ጓደኞቼ ይመጣሉ፣ ጣፈጥ ኮምጠጥ ያለ ቀላል ኮክቴል ቤት ውስጥ እንዴት ልሥራ?» ያልሽው የራሴን ጉድ አስታወሰኝ። መጀመሪያ የሞከርኩ ቀን ጂኑን፣ ሎሚውን፣ በረዶውን አንድ ላይ አድርጌ ስኳር በማንኪያ ጨመርኩበት። አማቼ አንዴ ፉት አለና ፊቱን አጨማደደ። ብርጭቆው ሲገባደድ ደግሞ ስኳሩ ከታች እንደ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ተኝቷል። በማንኪያ በላው።

ስለዚህ አቦ፣ ሌላውን ብትረሺ ይቺን እንዳትረሺ። ስኳር በቀዝቃዛ ነገር፣ በተለይ አልኮል ካለበት፣ ቶሎ አይሟሟም። ቀድመሽ ሽሮፕ ሥሪ። አንድ ሲኒ ስኳር በአንድ ሲኒ ውሃ ጥደሽ ጥርት እስኪል ብቻ አማስዪው፣ ከዚያ ይቀዝቅዝ። በትኩሱ ከጨመርሽው በረዶሽን ይጨርሰዋል፣ የድሬ ሙቀት እኮ ብቻውን ይበቃዋል።

ልኩ ሁለት፣ አንድ፣ አንድ ነው። ለሁለት ሰው በአረቄ መለኪያ 3 ጂን፣ 1 ተኩል የሎሚ ጭማቂ፣ 1 ተኩል ሽሮፕ። ከቀፊራ ገበያ የምናመጣው ትንሹ ሎሚ ከሆነ 4ም 5ም ሊፈጅ ይችላል። ሳትቆርጪው ጠረጴዛ ላይ በመዳፍሽ ጫን አድርገሽ አንከባልዪው፣ ጭማቂው ይለቃል። ግን ልጣጩ እስኪደቅ አትጭመቂው፣ ይመራል። ሎሚ ደግሞ ሁሉም አንድ አይደለም፣ ሽሮፑን መጀመሪያ 1 አድርጊና ቅመሺ፤ መጨመር ይቻላል፣ መቀነስ የለም።

ሸከር የሚባል የኮክቴል መናጫ ምናምን ብለሽ ገንዘብ አታውጪ። ክዳኑ ጥብቅ የሚል የማርማላታ ብርጭቆ ይበቃል። ሁሉንም እዚያ ጨምረሽ ግማሹን በረዶ ሙዪና ለ15 ሰከንድ ያህል እንደ ቅቤ ናጪው። ውጪው ጤዛ ሲይዝና እጅሽን ሲያደነዝዘው ደርሷል፣ በሻይ ማጥለያ አጥልዪው። በረዶውን ከዋዜማው ሥሪ፣ እኛ ሰፈር መብራት የሚሄደው እንግዳ ሲመጣ ነው።

ለማይጠጣ ሰው ያንኑ ሎሚና ሽሮፕ በአምቦ ውሃ። አምቦውን ግን ብርጭቆ ውስጥ እንጂ ከምትንጪው ጋር እንዳትጨምሪ፣ ክዳኑን ያስፈነጥረዋል።

እኔማ አንዴ ሎሚ አልቆብኝ በሁመር (ታማሪንድ የሚሉት) ሠራሁት። ዘፍዝፌ፣ አጥልዬ፣ በሎሚው ፈንታ። ወፈር፣ ጎምዘዝ ያለ ነው። ሚስቴ አልወደደችውም፣ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ሎሚ እያለም የምሠራው እሱን ነው።