ማካሮቭ ሰባተኛው ጥይት ላይ ለምን ይነክሳል?

ኮዬ ፈጬ አካባቢ የሚሠራ ወጣት ፖሊስ እንዲህ ሲል ጠይቆኛል፦ «የምይዘው ማካሮቭ ሽጉጥ ነው። ስድስቱ ጥይት ደህና ይወጣል፤ ሰባተኛው ወይም ስምንተኛው ላይ ይነክሳል። ሲያልቅም ማቀባበያው (ከላይ ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚንሸራተተው ብረት) ወደ ኋላ ቆሞ አይቀርም። የካዝናውን (የጥይት መያዣውን) ሞላ አንድ ልጅ በፒንሳ ስቦ አስረዝሞልኝ ነበር፤ ለጥቂት ቀን ተሻለው። ለመሆኑ ጠባብ የኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ 8 ጥይት አያንስም? 12 የሚይዝ ካዝና ብፈልግስ?»

ወንድሜ፣ ችግርህ ቁጥሩ አይደለም፤ ሞላው ደክሟል። «ቆሞ አይቀርም» ስትል ነው የጠረጠርኩት። ማቀባበያውን ወደ ኋላ የሚያቆመው ማገጃ የሚነሳው ካዝናው ውስጥ ባለው ገፊ ብረት ነው። ገፊውን ደግሞ የሚያነሳው ሞላው ነው። እሱ ጉልበት ካጣ ሁለቱም ምልክት አብሮ ይመጣል።

ምንም ከመንካትህ በፊት ካዝናውን አውጣ፣ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙር፣ አቀባብል፣ ጥይት መጉረሻውን በዓይንህም በጣትህም እይ። ማካሮቭ ካዝናው ወጥቶም ይተኩሳል። ይህን የማያውቅ ፖሊስ ብዙ አይቻለሁ።

አሁን ስለ ሞላ ላውራ፤ ስለ እሱ ማውራት እወዳለሁ። ካዝናው ሲሞላ ሞላው ተጨቁኗል፣ ሲገፋም በኃይል ነው። ጥይቱ እያለቀ ሲሄድ ሞላው ይዘረጋል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። ማቀባበያው ግን «የቀረው አንድ ነውና ልታገሰው» አይልም፤ በዚያው ፍጥነት ይመለሳል። ሞላው ከደከመ ጥይቱ ገና ሳይነሳ ይደርስበታል። አፍንጫውን ዝቅ እንዳደረገ ይገፋዋል፣ ጥይቱም ከበርሜሉ ሥር ተሰክቶ ይቀራል። መጀመሪያዎቹ ጥይቶች የማያስቸግሩህ ለዚህ ነው። ደግሞ «ካዝና ሞልቶ ከተቀመጠ ሞላው ይሞታል» የሚሉህን ብዙ አትስማ። ብረቱ ጥሩ ከሆነ ተጨቁኖ መቀመጥ ያን ያህል አይጎዳውም። የሚገድለው ስንት ሺህ ጊዜ መሙላትና ማራገፍ ነው። ከዚያ የባሰው ደግሞ በፒንሳ መሳብ! የተሳበ ሞላ ሳምንት ይሠራል፣ ከዚያ ከነበረውም ያንሳል። ያ ልጅ የካዝናውን አፍ ጠርዝም ቆንጠጥ አድርጎት ከሆነ አልደነቅም፤ እንዲህ ዓይነት ጥገና ሁሌ ሁለት ጉዳት ይዞ ነው የሚመጣው።

ሁለቱን ካዝናዎችህን በቀለም 1 እና 2 ብለህ ምልክት አድርግባቸው። የሚነክሰው አንዱ ብቻ ከሆነ ሽጉጡን ተወው። ካዝናውን ባዶ አድርገህ ፍታው። የታችኛውን ክዳን የያዘው የሞላው ጫፍ ነው፤ እሱን ጫን ብለህ ክዳኑን ወደ ፊት አንሸራት። በመዳፍህ ሸፍነው፣ ካልሆነ ሞላው ዓይንህ ውስጥ ነው። ከአዲስ ሞላ ጎን አስተካክለህ አስቀምጠው፤ አጥሮ ታየዋለህ። ስትመልሰው ገፊው አፍንጫውን ወደ ላይ ቀና ማድረግ አለበት፤ ተገልብጦ የገባም ሞላ ይነክሳል። ውስጡን በደረቅ ጨርቅ ጥረግ፣ ዘይት አታድርግበት። ዘይት ከናንተ ሰፈር አቧራ ጋር ሲገናኝ ጭቃ ነው። አዲሱን ሞላ ከመሥሪያ ቤትህ ግምጃ ቤት ጠይቅ። የት እንደተሠራ የማይታወቅ ርካሽ ሞላ ቀጭን ሽቦ ነው፣ ከነጭራሹ አትንካው።

12 የሚይዘው? የተሻሻለው ማካሮቭ ነው፤ ጥይቱ በሁለት ረድፍ ስለሚቆም ካዝናው ይወፍራል፣ ያንተ እጀታ ውስጥ አይገባም። ያንተው ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 8 ነው። በጠባብ ቦታ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። የማካሮቭ ካዝና ማውጫ ከእጀታው ግርጌ ስለሆነ ሁለተኛ እጅ ይፈልጋል። ደረጃ ላይ አንድ እጅህ በር ወይም ባትሪ ከያዘ፣ የነከሰ ጥይት ማስለቀቅ ካዝና ከመቀየር የባሰ ነው። ስለዚህ የማይነክስ 8 ያዝ፣ ትርፉንም ካዝና ሁሌ በአንድ ኪስ፣ በአንድ አቅጣጫ አስቀምጥ።

ሞላውን ከቀየርክ በኋላ ተኩስ ሜዳ ላይ 8ቱንም ሞልተህ ሞክረው፣ ማቀባበያው ሲያልቅ ቆሞ መቅረቱን እይ። ካልቆመ የካዝናው አፍ ጠርዝ ተጣሞ ሊሆን ይችላል፤ በፒንሳ አታቃናው፣ ካዝናውን ለግምጃ ቤቱ መልስ። እንደገና ከመፍታትህ በፊትም ያንኑ ነው የምልህ፦ ካዝናው ወጣ ማለት ሽጉጡ ባዶ ነው ማለት አይደለም።