ኬሚካል ሻጭ ሆኜ ልቀር ነው?

ጥያቄ፦ «በሲቪል ምህንድስና ተመርቄ ሥራ እየፈለግሁ ነው። አንድ የውሃ መከላከያ አስመጪ ድርጅት በቴክኒክ ሽያጭ ሊቀጥረኝ ነው። ዋና ምርታቸው ኮንክሪት ውስጥ የሚጨመር ክሪስታላይን አድሚክስቸር ነው። ብገባ ሙያዬን እረሳው ይሆን? ከአዲስ አበባ»

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ከመፈረምሽ በፊት አንድ ነገር ጠይቂያቸው፤ ኮንክሪት በሚሞላበት ቀን ሳይት ላይ እገኛለሁ ወይ? አዎ ካሉሽ ሳታመነቺ ግቢ።

አድሚክስቸሩ ዱቄት ነው፤ አሠራሩን ቶሎ ትይዢዋለሽ። ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ሲዋሃድ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ይፈጠራል። ዱቄቱ እርጥበት ሲያገኝ ከእሱና ገና ካልተዋሃደው ሲሚንቶ ጋር ተዋህዶ ውሃ የማያሟሟው ክሪስታል ይሠራል። ክሪስታሉ ውሃ የሚያልፍባቸውን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ከዓመታት በኋላ ቀጭን ስንጥቅ ቢወጣና ውሃ ቢገባ እንደገና ሥራ ይጀምራል። መጠኑ እንደ አምራቹ ይለያያል፤ ብዙዎቹ ከሲሚንቶው ክብደት ከ1 እስከ 2 በመቶ ገደማ ያዛሉ። በሜትር ኩብ 350 ኪሎ ሲሚንቶ ካለ ከ3.5 እስከ 7 ኪሎ ማለት ነው።

ከባዱ ነገር ሳይት ላይ ነው ያለው። ክረምት ገብቶ ቤዝመንት ውሃ ሲቋጥር መጀመሪያ ስልክ የሚደወለው ላንቺ ነው። ሄደሽ ስታዪ ወለሉና ግድግዳው የሚጋጠሙበት ቦታ ዋተርስቶፕ፣ ማለትም መጋጠሚያ ውስጥ ውሃ እንዳያልፍ የሚቀበረው ማገጃ፣ አልገባበትም። ወይም ፌሮው ተጠቅጥቆ ቫይብሬተር ያልደረሰበት ጥግ ጠጠር ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ወይም ኮንክሪት የጫነው መኪና ወረፋ ሲጠብቅ ቆይቶ ድብልቁ ጠጥሮ ውሃ ተጨምሮበታል። ክሪስታል ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ስንጥቅ ሊደፍን ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ግን አያድነውም። ህንጻው ሲንቀሳቀስ የሚከፈትና የሚዘጋ መጋጠሚያም የእሱ ሥራ አይደለም። ይህን ለደንበኛ ፊት ለፊት መናገር አለብሽ፤ ሽያጩ ቢቀርም እንኳ። አማካሪ መሐንዲሶች በሌላ ፕሮጀክት መልሰው የሚጠሩት እንዲህ ያለ ሰው ነው።

እስከምትጀምሪ ድረስ ሁለት ነገር አንብቢ። አንደኛው ኢኤን 12390-8 የሚባለው የአውሮፓ ደረጃ ፍተሻ ነው፤ ናሙናው ለ72 ሰዓት በ5 ባር ውሃ ተገፍቶ ለሁለት ከተሰነጠቀ በኋላ ውሃው ስንት ሚሊ ሜትር እንደገባ ይለካል። 5 ባር የ50 ሜትር ውሃ ጫና ስለሆነ ከእኛ ቤዝመንቶች ጥልቀት በብዙ ይበልጣል። ሌላው የአሜሪካ ኮንክሪት ኢንስቲትዩት ስለ አድሚክስቸሮች ያወጣው ኤሲአይ 212.3አር የሚባለው ሪፖርት ነው፤ የውሃ ግፊት የሚቋቋሙትን አድሚክስቸሮች እርጥበት ብቻ ከሚቀንሱት ይለያል። ይህን ልዩነት የምታውቅ ተቀጣሪ ቃለ መጠይቅ ላይ ወዲያው ትለያለች።

ሥራ ስትጀምሪ የእያንዳንዱን ሙሌት ቀን፣ የውሃና የሲሚንቶ ምጣኔ፣ የመጋጠሚያ ፎቶና ኮንክሪቱ ስንት ቀን ውሃ እንደጠጣ መዝግቢ። ነገ የውሃ ማጠራቀሚያ ወይም የዋሻ ፕሮጀክት ላይ ስታመለክቺ ከሲቪሽ ጋር የምታያይዢው እሱን ነው።

ሳይት አትወጪም ካሉሽ ግን፣ እኔ ብሆን አልፈርምም። ደመወዙ ጥሩ ቢሆንም።