ከፔዳሉ በፊት ስልኩን አንሱ

ልጆቼ፣

አንዳንዶቻችሁ ለታመሙ ሕፃናት ገንዘብ በሚሰበሰብበት የሳይክል ጉዞ ላይ መሳተፍ እንደምትፈልጉ ነግራችሁኛል። ጥያቄያችሁ ግን አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሳይክሉ ነው። ምን ዓይነት ልግዛ? ምን ያህል ልለማመድ? ዳገቱ ይከብዳል? ከባዱ ሥራ እሱ አይደለም። ከባዱ ስልክ አንስቶ “ለእነዚህ ልጆች ገንዘብ ስጡኝ” ማለት ነው።

እኔ ዕድሜዬን በፋርማሲ ሥራ፣ አብዛኛውንም እዚህ ቦስተን አካባቢ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። የማውቀው ጉዞ ፓን ማስ ቻሌንጅ ይባላል። በፈረንጆች ኦገስት መጀመሪያ ላይ በማሳቹሴትስ ይካሄዳል። የታወቀው መስመር ከስተርብሪጅ ተነስቶ ኬፕ ኮድ ጫፍ ላይ እስካለችው ፕሮቪንስታውን ይዘልቃል፤ በሁለት ቀን ወደ 300 ኪሎ ሜትር። የጀመረው ቢሊ ስታር እናቱን በ1974 በካንሰር አጣ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በ1980 እሱና ጓደኞቹ 36 ሆነው ነዱና 10,200 ዶላር ሰበሰቡ። ዛሬ በየዓመቱ ከ6,000 ሰው በላይ ይነዳል። ለዳና ፋርበር የካንሰር ተቋም እስካሁን የገባው ጠቅላላ ገንዘብም ከ1 ቢሊዮን ዶላር አልፏል። ይህ ሁሉ እያንዳንዱ ነጂ ዘመዱን፣ የሥራ ባልደረባውንና ጎረቤቱን ጠይቆ ያመጣው ነው።

እኛ ሐበሾች መስጠት እንወዳለን፤ መጠየቅ ግን ያስጨንቀናል። ልመና ይመስለናል። ነገር ግን እዚህ አሜሪካ አንድ ወገናችን ሲሞት አስከሬኑን አገር ቤት ለመላክ ምን እንደምናደርግ አስቡ። አንዱ ደብተር ይይዛል፣ ሌላው ይደውላል፣ ገንዘቡ በቀናት ውስጥ ይሞላል። ማንም አያፍርም። ለሞተ ሰው ያላፈርነውን በሕይወት ላለ ልጅ ለምን እናፍራለን?

የዳና ፋርበር ታሪክ ራሱ የተጀመረው በመጠየቅ ነው። ሐኪሙ ሲድኒ ፋርበር በ1947 አሚኖፕተሪን የተባለውን መድኃኒት የደም ካንሰር ለያዛቸው ሕፃናት መስጠት ጀመረ። በዚያ ዘመን እነዚህ ልጆች በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይሞቱ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ካከማቸው 16 ልጆች 10ሩ ለጊዜው እንደተሻላቸው ጻፈ። ለጊዜው ብቻ ነበር፤ ግን በሩን ከፈተ። በዚያው በ1948 በአንድ የሬዲዮ ፕሮግራም ላይ ፋርበር የሚያክመው፣ ካንሰር የያዘው የ12 ዓመት ልጅ ቀረበ። ማንነቱን ለመጠበቅ “ጂሚ” አሉት። የሚወደው የቤዝቦል ቡድን ተጫዋቾች አልጋው ድረስ መጡለት። ከዚያ አድማጩ ተጠየቀ፦ ጂሚ ጨዋታ የሚያይበት ቴሌቪዥን እንዲገዛለት ገንዘብ ላኩ። ከ200,000 ዶላር በላይ መጣ። ልጁም ድኖ አደገ፣ አርጅቶም በ2001 አረፈ። ጥያቄው ምን ያህል ቀላል እንደነበር ልብ በሉ። አንድ ልጅ፣ አንድ ቴሌቪዥን።

እናንተም እንዲሁ ጠይቁ። ፌስቡክ ላይ ሊንክ ለጥፎ መጠበቅ መጠየቅ አይደለም። ሰው በሰው ደውሉ። የምትፈልጉትን መጠን በግልጽ ተናገሩ፤ “የቻላችሁትን” ስትሉ ሰው ግራ ይጋባል። እምቢ ያላችሁንም አመስግኑ፣ ፊታችሁን አታጥቁሩበት። ደግሞ የምትሠሩበትን መሥሪያ ቤት ጠይቁ። ሠራተኛው የሰጠውን ያህል ራሱ የሚጨምር ድርጅት አሜሪካ ውስጥ ብዙ ነው፤ ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ያልፋል።

ከመፈረማችሁ በፊት ውሉን አንብቡ። እንዲህ ያለው ጉዞ መሰብሰብ ያለባችሁን ዝቅተኛ መጠን ያስቀምጣል፤ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሊሆን ይችላል። ካልሞላ ጉድለቱ ከክሬዲት ካርዳችሁ ይቆረጣል። ተማሪ ከሆናችሁ በአጭሩ መስመር ጀምሩ፤ ወይም በፈቃደኝነት ውኃ አድሉ፣ ሻንጣ ጫኑ። ይህም ትንሽ ሥራ አይደለም። ያለ እነዚያ ሰዎች አንድም ጎማ አይንቀሳቀስም።

አንድ ነገር ላይ ግን ጠንካራ አቋም አለኝ። የትኛውም ጉዞ ላይ ስትመዘገቡ “ከተሰጠው 100 ዶላር ውስጥ ለሕፃናቱ የሚደርሰው ስንት ነው?” ብላችሁ ጠይቁ። ፓን ማስ ቻሌንጅ ነጂዎች የሰበሰቡትን ሙሉ በሙሉ ያስተላልፋል፤ ወጪውን የሚሸፍነው በመመዝገቢያ ክፍያና በስፖንሰሮች ነው። ሰው ለልጆች ብሎ የሰጠው ገንዘብ የነጂውን የአውሮፕላን ትኬትና ሆቴል የሚከፍልባቸው ጉዞዎችም አሉ። እንደዚያ አታድርጉ። ትኬታችሁን ከኪሳችሁ ክፈሉ።

ስለ መንዳቱ ብዙ አልልም። በየሳምንቱ ርቀቱን ቀስ በቀስ ጨምሩ። ሳይጠማችሁ ጠጡ፣ ሳይርባችሁ ብሉ። ካላማዳሪ መቀየር ተለማመዱ። በቡድን ስትነዱ ፍሬን ከመያዛችሁ በፊት ድምፅ አሰሙ።

በዚህ ጉዞ አንዳንድ ቡድኖች ሕክምና ላይ ካለ አንድ ልጅ ጋር ይተዋወቃሉ። ልጁና ቤተሰቡ መንገድ ላይ ወጥተው ሊቀበሏችሁ ይችላሉ። ያኔ ስልካችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉ። ልጁ የእናንተ ማስታወቂያ አይደለም። ስለሚወደው ጨዋታ ጠይቁት፣ ስሙን አትርሱ። ፎቶ ካስፈለገ ወላጆቹን አስፈቅዱ።

በመጨረሻ ስለ አገራችን ልጆች። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሀብታም አገሮች ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ከ80 በመቶ በላይ ይድናሉ። በብዙ ድሃና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ግን ከ30 በመቶ በታች ናቸው። ለዚህ የመድኃኒት እጥረት አንዱ ምክንያት ነው፤ ሌላው ደግሞ ሕክምናን ማቋረጥ። የደም ካንሰር ሕክምና ሁለት ሦስት ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ልጇን ይዛ ከሩቅ ገጠር ጥቁር አንበሳ የመጣች እናት የት ታድራለች? በምን ትመላለሳለች? አዲስ አበባ ውስጥ ተስፋ አዲስ የተባለው የወላጆች ማኅበር ለእንዲህ ያሉ ቤተሰቦች ማረፊያ ያዘጋጃል። “ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ” የተባለውን ድርጅትም የመሠረተው ልጁን በደም ካንሰር ያጣ አባት ነው።

ስለዚህ ጉዞው ሲያልቅ የሰጪዎቻችሁን ስምና ስልክ አትጣሉ። በሳምንቱ ለእያንዳንዳቸው ምስጋና ጻፉ፤ የተሰበሰበውን መጠንም ንገሯቸው። ጥቂት ወራት ቆይታችሁ እንደገና ደውሉላቸው፤ በዚህኛው ጊዜ ስለዚያች ጥቁር አንበሳ ስላለች እናትና ስለ ልጇ።